ቮልስዎ «ኳ» ሲል ካምቢዮ ለመግዛት አይሩጡ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ድሮ ቮልስ ኳኳታ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል፤ «ቮልስ አለህ አይደል፣ ይጠቅምሃል» እያለ። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው መኪናውን እንደሚወዱት ያስታውቃሉ፤ አጻጻፋቸውም ለዛ አለው። ችግሩ ምክሩ ላይ ነው። ቃል በቃል የተከተላቸው ሰው ኪሱን አራግፎ፣ መኪናውን አስፈትቶ፣ ድምፁን እንደያዘ ይቀራል።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። መሪ ሲዞር የሚሰማ ኳኳታ የሲቪ ጆይንት (ኃይል ወደ ጎማ የሚወስደው ዘንግ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ) ማለቅ ነው፤ በሁለቱም ጎን ይለወጥ ይላሉ። መሪው ባዶውን የሚዞር ከሆነ ደግሞ የመሪ ሳጥኑን ማስተካከያ ቡሎን ክፍተቱ እስኪጠፋ ማጥበቅ ይበቃል። መኪናው ሲነሳ ወይም ከአንደኛ ወደ ኋላ ማርሽ ሲቀየር «ኳ» ካለ ዲፈረንሻሉ (ካምቢዮው ውስጥ ሆኖ ኃይሉን ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ዕቃ) አልቋል፤ ሌላ ካምቢዮ፣ ማለትም ሙሉ የማርሽ ሳጥን፣ ይፈለግ። የፊት እግሩን ጤንነት ለማወቅ ጎማውን በክሪክ አንስቶ መነቅነቅ በቂ ነው። መኪናው አሮጌ ስለሆነ ላስቲኮቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ መቀየር ያዋጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የተረፈ ድምፅ ካለ የዕድሜ ነው፤ ተዉት። ስድስት ነጥብ መሆኑ ነው።

የስህተቶቹ ምንጭ አንድ ይመስለኛል። ጸሐፊው ድምፁን ሰምተው የዕቃውን ስም ይጠራሉ። ድምፅ ግን ያን ያህል ታማኝ አይደለም። የቮልስ ወለል ሰፊ ቆርቆሮ ነው፤ መሃሉን ከፊት እስከ ኋላ ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ቦይ ያቋርጠዋል። ከበሮ በሉት። የኋላ ግራ ጎማ ላይ የተጋጨ ብረት እግርዎ ስር ይሰማል። ዕቃውን የሚያጋልጠው ድምፁ የመጣበት ቅጽበት ነው። ነዳጅ ሲሰጡ ነው ወይስ ሲለቁ? ፍሬን ሲይዙ? ቆመው መሪ ሲያዞሩ? ክፍተት ያለበት ዕቃ «ኳ» የሚለው ጭነቱ አቅጣጫ ሲቀይር ነው። በእያንዳንዱ ቅጽበት ጭነት የሚገለብጥበት ዕቃ ደግሞ ይለያያል።

አሁን ወደ ሲቪ ጆይንቱ። ይህ ምክር ከሌላ መኪና ተገልብጦ የመጣ ነው። የፊት ጎማዎቹ በሚጎትቱት መኪና ላይ እውነት ነው፤ ጆይንቱ ከመሪው ጋር አብሮ ይታጠፋል፣ ካለቀም መሪው ተጠምዝዞ ሲነዳ ቀጭ ቀጭ ይላል። ቮልስ ግን ሞተሩ ከኋላ፣ የሚገፋውም ከኋላ ነው። የፊት ጎማዎቹ ዝም ብለው ይንከባለላሉ እንጂ ኃይል አይደርሳቸውም። መሪውን ቢፈልጉ እስከ ጥግ ያዙሩት፤ ከኋላ ምንም የሚታጠፍ ነገር የለም።

ይባስ ብሎ ብዙው ቮልስ ሲቪ ጆይንት የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። ስዊንግ አክስል የሚባለው አሠራር ነው ያለው። አክስሉ ቱቦ ውስጥ ተሸፍኖ ይሄዳል፤ የውስጠኛው ጫፉ እንደ ማንኪያ ጠፍጥፎ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ይገባና እዚያው ይወዛወዛል። የትኛው እንዳለዎት ለማወቅ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። ከካምቢዮው ወደ ጎማው ወፍራም ቱቦ ከሄደና ካምቢዮው ጋ አንድ ትልቅ የላስቲክ ሽፋን ካለ፣ ስዊንግ አክስል ነው። ሽፋኑ የያዘው የካምቢዮ ዘይት ነው፤ ከተቀደደ ዘይቱ ይፈሳል። ራቁቱን የሚታይ ቀጭን ዘንግ በሁለቱም ጫፍ ላስቲክ ከለበሰ ግን ሲቪ ጆይንት ነው፣ በጠቅላላው አራት።

እዚህ ላይ ግማሽ ነጥብ እሰጣቸዋለሁ። እንደ 1302 እና 1303 ባሉት ሞዴሎች ሲቪ ጆይንት አለ፤ ሲያልቅም «ኳ» ይላል። የሚለው ግን ነዳጅ ሲሰጡና ሲለቁ ነው፣ መሪ ሲያዞሩ አይደለም። ያን ጊዜም ቢሆን ጆይንቱን ከመግዛት በፊት እያንዳንዱን የሚይዙትን ስድስት ቡሎኖች ማጥበቅ ይቅደም። የላላ ቡሎን ካለቀ ጆይንት ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ አለው።

ታዲያ መሪ ሲዞር ኳ የሚለው ምንድን ነው? ይህንን ለማወቅ ሁለት ሰውና አንድ እጅ ይበቃል። ሞተሩ ይጥፋ፣ ጎማዎቹ መሬት ላይ ይሁኑ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። አንዱ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያለ ያለማቋረጥ ያወዛውዘው፤ ጎማውን እስኪያዞር ሳይሆን ባዶው ክፍተት ውስጥ ብቻ። ሌላው ስር ገብቶ እጁን በየመገጣጠሚያው ላይ ያሳርፍ። ጆሮ የሚሳሳተውን እጅ አይስተውም።

እኔ ታናሽ ወንድሜን መሪ ላይ አስቀምጬ ነው ያደረግኩት። «ቀስ በል፣ ቀስ» እያልኩ ከታይሮዱ፣ የመሪ ሳጥኑን ከፊት ጎማዎቹ ጋር ከሚያገናኘው ዘንግ፣ ጀመርኩ። አራቱም ጫፎች ደህና ናቸው፤ እጄ ስር ዘንጉና እጀታው እኩል ይንቀሳቀሳሉ። የመሪ ሳጥኑ ላይ ያዝኩ፤ እሱም ዝም። ከመሪው የሚመጣው ዘንግ ሳጥኑን የሚገናኝበት ቦታ ላይ ስደርስ ግን መዳፌ ላይ ቀጭ አለ። እዚያ ቦታ ላይ በአራት ቡሎን የተያዘ ወፍራም የላስቲክ ክብ አለ። በእጅ ባትሪ ሳየው ላስቲኩ ከቡሎኑ ቀዳዳ ጀምሮ ተሰንጥቋል። አንዱ ቡሎን በጣት ይዞራል። ወንድሜ ከላይ «ክላክሱ እኮ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ሲፈልግ ነው የሚሠራው» አለኝ። ሳቄ መጣ። የክላክሱ የመሬት ግንኙነት የሚያልፈው በዚያው ላስቲክ ላይ በተዘረጋች ትንሽ ማገናኛ ነው። መኪናው ለካ ሲነግረኝ ነበር። ክላክስዎ አመለኛ ከሆነ መሪው ከመላላቱ በፊት እዚያ ይዩ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ የመሪ ሳጥኑን ማጥበቅ፣ እውነት ለመናገር አስፈርቶኛል። ምክንያቱም ይሠራል! ቡሎኑን ሩብ ዙር ባጠበቁት ቁጥር መሪው ጠንከር ይላል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ግን ክፍተቱ ታይሮድ ላይ ከሆነ፣ ወይም ሳጥኑ ራሱ የፊት አክስሉ ቱቦ ላይ የታሰረበት ክላምፕ ላልቶ ከሆነ፣ ያጠበቁት ጤነኛውን ዕቃ ነው። የሳጥኑ ውስጥ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ መሪው ከተጠመዘዘ በኋላ በራሱ ወደ መሃል አይመለስም። መኪናው መንገድ ላይ ይቅበዘበዛል፤ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ እያሉ ሲያስተካክሉት ይውላሉ። ውስጡም እየተበላ ይሄዳል። ከላላ መሪ የማይመለስ መሪ የባሰ ነው።

ሌላም አለ። ሳጥኑ ሲሠራ መሃል ላይ ጠበቅ፣ ወደ ጥጎቹ ሲሄድ ላላ እንዲል ተደርጎ ነው። ጎማው ተጠምዝዞ እያለ የሚሰማ ትንሽ ክፍተት በሽታ አይደለም። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው መሪው ዳር ላይ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ባዶ ቢሄድ እኔ እንቅልፍ አላጣም። ከዚያ በላይ ከሄደ ፍለጋው ከሳጥኑ ውጭ ይጀምር፦ የላስቲኩ ክብ፣ ክላምፑ፣ ታይሮዶቹ፣ የፊት ጎማ ኩሽኔታ። ሁሉም ደህና ሆነው ሳጥኑ ብቻ ከቀረ የጸሐፊው ምክር ትክክል ነው፤ ያን ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ማጥበቅ ይቻላል። ከዚያ የፊቱን አንስቶ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ማዞር ነው። የትም ቦታ ያዝ ካደረገ ወደ ኋላ ይመለሱ።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው በጣም የሚከስርበት እሱ ነውና። መኪናው ሲነሳ አንድ ጊዜ «ኳ»። ኋላ ማርሽ ሲገባና ፍሪሲዮን ሲለቀቅ እንደገና «ኳ»። ጸሐፊው በቀጥታ ዲፈረንሻል ይላሉ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የኋላ ጎማው መሃል ላይ ያለውን ትልቁን ዳዶ እዩልኝ እላለሁ። 36 ቁጥር ነው። የኋላው ታምቡር አክስሉ ላይ የሚቀመጠው በጥርስ ነው፤ ጥርሱን አጥብቆ የሚያስቀምጠው ግን ይህ ዳዶ ነው። ትንሽ ሲላላ ታምቡሩ አክስሉ ላይ መጫወት ይጀምራል። ወደ ፊት ሲሄዱ በአንድ በኩል ይመታል፣ ወደ ኋላ ሲሄዱ በሌላው። በየጊዜው እየመታ የታምቡሩን ጥርስ ይበላዋል፤ ሲበላው ክፍተቱ ይሰፋል።

ምልክቱ በዓይን ይታያል። የዳዶውን ዙሪያ በጨርቅ ጠርገው ይመልከቱ። ብረት ብረትን ሲፈጭ የሚወጣ ቀይ ቡና መሳይ ደቃቅ ብናኝ ካለ፣ ነገሩ እዚያ ነው። ማረጋገጫው ጠመኔ ነው። ከአክስሉ ጫፍ ተነስቶ ዳዶውን አቋርጦ ታምቡሩ ላይ የሚደርስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። መኪናው ማርሽ ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቆ፣ ሌሎቹ ጎማዎች በድንጋይ ተይዘው፣ ያንን አንድ ጎማ ያንሱና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዙት። መስመሩ አክስሉና ታምቡሩ መካከል ላይ ከተሰበረ ካምቢዮው ንጹህ ነው። መስመሩ ሳይሰበር ሁሉም አብሮ ከተንቀሳቀሰና ክፍተቱ ከውስጥ ከሆነ ብቻ ነው ወደ ውስጥ ማሰብ የሚጀመረው።

ይህ ዳዶ ብዙ ጊዜ የሚላላው ለምንድን ነው? በአግባቡ ስለማይጠብቅ ነው። የሚፈልገው ኃይል 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። በቀላል አነጋገር 1 ሜትር በሚረዝም ዘንግ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ማንጠልጠል፣ ወይም 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው ግማሽ ሜትር ርቆ ዘንጉ ላይ መቆሙ ማለት ነው። በተለመደው የጎማ መፍቻ ተጎንብሶ «እህ!» ብሎ ማጥበቅ እዚያ አያደርስም። የሚጠብቀውም ጎማው መሬት ላይ ሆኖ ነው፤ በክሪክ ላይ ያለ መኪና ላይ እንዲህ መጎተት መኪናውን ራስ ላይ መጣል ነው። ሌላ ቁም ነገር፦ ዳዶውን የምትቆልፈው ሽቦ ቀዳዳዋ ካልገጠመ፣ እስኪገጥም ድረስ የበለጠ ይጠበቃል እንጂ በፍጹም ወደ ኋላ አይመለስም። ጥርሱ አንዴ ከተበላ ደግሞ ማጥበቅ ብቻውን አያድነውም፤ ታምቡሩ ይለወጣል፣ የአክስሉ ጥርስም አብሮ ይታያል። ይሁንና አንድ ታምቡር የት፣ ሙሉ ካምቢዮ የት!

ዳዶው ደህና ከሆነ ቀጣዩ ማውንቲንግ ነው፤ ሞተርና ካምቢዮን የሚሸከመው ላስቲክ ማለት ነው። ቮልስ ላይ ሞተሩ ራሱን የቻለ ማውንቲንግ የለውም። ካምቢዮው ላይ በአራት ቦታ ታስሮ ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ሁሉንም የሚሸከሙት ካምቢዮው አፍንጫ ላይ ያለው አንዱ ላስቲክና ከኋላ ያሉት ሁለቱ ናቸው። ከተቀደዱ መኪናው ሲነሳ ጠቅላላው ዕቃ ብድግ ብሎ ብረት ይመታል። ለማየት ሞተሩን ያጥፉ፤ ከካምቢዮው ስር ክሪክ ከነጣውላው አስገብተው በትንሹ ከፍ ያድርጉ። ላስቲኩ ከብረቱ ተለይቶ አፉን ከከፈተ አገኙት። ሞተር እየሠራ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ስር ተኝቶ ማየት ግን የሚታሰብ አይደለም።

በነገራችን ላይ ሲነሳ «ኳ» ሳይሆን ድርድር ብሎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሌላ በሽታ ነው። የፍሪሲዮን ገመዱ የሚያልፍባት ቱቦ ካምቢዮው ጋ ትንሽ ረገብ ብላ መታጠፍ አለባት። ቀጥ ብላ ከተወጠረች ፍሪሲዮኑ ይንዘፈዘፋል። እሱም በስህተት ካምቢዮ ሲያስለውጥ አይቻለሁ።

ዲፈረንሻል አያልቅም እያልኩ አይደለም። ያልቃል። የማርሽ ጥርሶችም ሲሠሩ ጀምሮ በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት አላቸው፤ ሲደማመር ጎማው ላይ የምትሰማ ለስለስ ያለች «ጠቅ» ትሆናለች። እሷ ጤና ናት። ለመፍረድ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ይፍቱ። ማግኔት አለው። ማግኔቱ ላይ እንደ ጭቃ ያለ ጥቁር ደቃቅ ብናኝ ቢኖር የተለመደ ነው። በጥፍር የሚያዝ ስባሪ ካለ ግን ጸሐፊው ያሉት ሆነ፣ እኔም አፌን እይዛለሁ።

አራተኛው፣ ጎማ አንስቶ መነቅነቅ፣ ጥሩ ጅማሬ ነው፤ በቂ ግን አይደለም። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ሲነቀንቁት ከተወዛወዘ ምኑ እንደተወዛወዘ በምን ያውቃሉ? ኩሽኔታው ነው ወይስ ባል ጆይንቱ፣ ማለትም የፊት እግሩ የሚታጠፍበት ኳስ መሳይ መገጣጠሚያ? መልሱ ፍሬኑ ላይ ነው። አንድ ሰው ፍሬኑን ረግጦ ይያዝ። ውዝዋዜው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ፍሬኑ ጎማውንና አክስሉን አንድ አድርጎ አስሯቸዋልና። ካልጠፋ ባል ጆይንቱ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1965 ሞዴል ድረስ ባሉት ቮልሶች ላይ ባል ጆይንት የለም፤ በእሱ ቦታ ያሉት ኪንግ ፒንና ሊንክ ፒን የሚባሉ የብረት ፒኖች ናቸው። እነዚያ ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት አዲስ ዕቃ ሳይሆን ግራሶ ነው። ግራሶውም የሚገባው የፊቱ ከመሬት ተነስቶ ነው፤ ጭነት ላይ እያለ ፒኑ በአንድ በኩል ስለሚጫን ግራሶው እዚያ አይደርስም።

ኩሽኔታውን የምታጠብቁ ሰዎች፣ የግራው የፊት ጎማ ዳዶ ወደ ተቃራኒው እንደሚዞር አትርሱ። የፍጥነት መለኪያው ገመድም በዚያው በግራ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ሽፋኑን በመዶሻ ከመምታታችሁ በፊት ጫፉ ላይ ያለችውን መያዣ አውጧት።

ስለ ላስቲኮቹ ብዙ አልልም። ሁሉን በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ድምፁ ቢጠፋ የትኛው እንደነበረ አያውቅም፤ ባይጠፋ ደግሞ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። በዚያ ላይ አዲስ የታሰረ ቡሎን ሁሉ አዲስ የሚላላ ቡሎን ነው። ግራና ቀኙ እኩል ይቀየር ካሉ ግን እስማማለሁ።

የመጨረሻው ነጥብ፣ «የዕድሜ ነው»። የመጨረሻው ቮልስ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ነው። ከዚያች መኪና የኋላውን ዳዶ ሩብ ዙር ቢያላሉት እሷም ኳ ትላለች። የ1960ዎቹን በደንብ ቢያስሩት ዝም ይላል። ዕድሜ ብረት አያንኳኳም፤ ክፍተት ነው የሚያንኳኳው።

እውነቱን ለመናገር እኔም አንድ ጊዜ «የዕድሜ ነው» ብዬ ልተወው ደርሼ ነበር። ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚመጣ «ጓ»፣ ከፊት ቀኝ። የማመዛዘኛውን ዘንግ ላስቲኮች ቀየርኩ። አሞርዛተሩን ፈትቼ አሰርኩ። የፊት አክስሉን ሻንሲው ላይ የሚይዙትን አራቱን ቡሎኖች ደግሜ አጠበቅኩ። ሁለት ቅዳሜ ሄደ። በሦስተኛው ቅዳሜ ለሌላ ጉዳይ የፊት ኮፈኑን ስከፍት፣ ከተጠባባቂው ጎማ ስር ክሪኩ ከመያዣው ወጥቶ ተጋድሟል። ጎኑ ከመምታት ብዛት ቀለሙ ተልጦ ያበራል። አሮጌ ጨርቅ ጠቅልዬበት መለስኩት፤ እስከ ዛሬ ዝም ነው።